ለጎንደር ቅርንጫፍ መተዳደሪያ ደንብ፦ ስንት ገጽ፣ ስንት ሰው፣ የማን ማህተም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደርና አካባቢዋ ያሉ የባዮሎጂ ባለሙያዎች የአንድ ሀገር አቀፍ የሳይንስ ማህበር ቅርንጫፍ ሊያቋቁሙ ነው። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አሉበት። የላብራቶሪ ሰዎችና ደባርቅ ያሉ የፓርክ ባለሙያዎችም አሉበት። ዋናው ጽሕፈት ቤት «የቅርንጫፍ መተዳደሪያ ደንብ አዘጋጅታችሁ ላኩ» ብሏቸዋል። ጠያቂው እንዲህ ጽፏል፦ «የብሔራዊውን ደንብ ወስደን ‹ማህበሩ› የሚለውን ሁሉ ‹ቅርንጫፉ› እያልን ቀየርነው። 31 ገጽ ሆነ። ይበቃናል? ምልአተ ጉባኤው ስንት ይሁን? የራሳችን ማህተምና የባንክ ሒሳብስ ሊኖረን ይችላል? ክልል ሄደን መመዝገብ አለብን?»

ከ31 ገጹ ልጀምር። አይበቃችሁም። ደግሞም ይበዛባችኋል።

የሚበዛባችሁ የእናንተ ያልሆነ ነገር ስለገባበት ነው። የብሔራዊውን ደንብ ቃል በቃል ስትገለብጡ «ቅርንጫፉ ሕጋዊ ሰውነት አለው»፣ «ይከሳል፣ ይከሰሳል»፣ «ከውጭ ድርጅቶች ጋር በራሱ ስም ይዋዋላል» የሚሉ አንቀጾችም አብረው ይገባሉ። እነዚህ ለብሔራዊው ማህበር እውነት ናቸው፤ ለእናንተ አይደሉም። ሌላም ችግር አለ። አዲስ አበባ ያሉት በሚቀጥለው ዓመት የአባልነት መስፈርቱን ቢያሻሽሉ፣ እናንተ ዘንድ የቀረው ቅጂ የድሮውን እየተናገረ ይቀጥላል። ያኔ አንድ አባል በሁለት ደንብ መካከል ይቆማል።

የማይበቃችሁ ደግሞ የእናንተ የሆነው ነገር ስለሌለበት ነው። ብሔራዊው ደንብ ደባርቅ ያለ አባል እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ አይናገርም። ሊቀመንበሩ ለሦስተኛ ዲግሪ ድንገት ቢሄድ ማን እንደሚተካው፣ ፕሮጀክተሩ የዩኒቨርሲቲው ይሁን የማህበሩ፣ ማህተሙ በማን እጅ እንደሚቀመጥ አይናገርም። የቅርንጫፍ ደንብ ሥራው እነዚህን መመለስ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ገጽ ይበቃዋል። ለቀረው ሁሉ አንድ አንቀጽ ጻፉ፦ «በዚህ ደንብ ያልተሸፈነ ጉዳይ በብሔራዊው ማህበር መተዳደሪያ ደንብ ይመራል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ብሔራዊው የበላይ ነው።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ሃያ ገጽ ታድናላችሁ።

የምዝገባው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። የሀገራችን የማህበር ሕግ መሠረቱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 404 ማህበርን ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልሆነ ውጤት ለማግኘት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚመሠርቱት ኅብረት ይለዋል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ልዩ ሕግ ግን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ብዙዎች ያማርሩበት የነበረውን የ2001ዱን አዋጅ ቁጥር 621 የሻረው እሱ ነው። አዲሱ አዋጅ የሙያ ማህበርን በስም ያውቀዋል። ማህበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ይጠይቃል፤ ጠቅላላ ጉባኤውንም የመጨረሻው የበላይ አካል ያደርገዋል። በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራል ደረጃ ነው። ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘውም በዚያ ምዝገባ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ምርጫ ሁለት ነው። ቅርንጫፍ ከሆናችሁ የብሔራዊው ማህበር ምዝገባ ይሸፍናችኋል። የምትሠሩት በእሱ ስምና በእሱ ውክልና ነው። ክልል ሄዳችሁ እንደ አዲስ ማህበር አትመዘገቡም። ራሳችሁን የቻላችሁ የጎንደር ማህበር መሆን ከፈለጋችሁ ደግሞ በአማራ ክልል መዝጋቢ አካል ዘንድ ትመዘገባላችሁ። ያኔ ግን ቅርንጫፍ አይደላችሁም፤ የብሔራዊው አጋር ናችሁ። ሁለቱንም ልሁን ማለት አይቻልም። አንዳንድ ኮሚቴዎች «ለማንኛውም እንመዝገብ» ብለው ክልል ይሄዳሉ። ከዚያ አንድ ሥራ ላይ ሁለት ሪፖርት፣ ሁለት ኦዲት፣ ሁለት አለቃ ይመጣባቸዋል። የእኔ ምክር ቅርንጫፍ ሁኑ ነው። ዋናው ጽሕፈት ቤት ግን ቅርንጫፉን ስለመክፈቱ ለሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በደብዳቤ እንዲያሳውቅ ጠይቁ። የደብዳቤውን ግልባጭ ፋይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ቀበሌም ሆነ ፖሊስ «እናንተ ማናችሁ?» ያለ ቀን የምታሳዩት እሱን ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ሁሉን ይቆጣጠረናል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ፣ ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ኬሚካል ማህበር በ1876 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ የመላ አሜሪካ ነበር፤ ስብሰባውና ሹመቱ ግን የኒው ዮርኮች ነበር። ሌላ ከተማ ያሉ ኬሚስቶች አኮረፉ። ዋሽንግተን ያሉት በ1884 የራሳቸውን ማህበር እስከማቋቋም ደረሱ። መላ የተገኘው በ1890 ጉባኤው ከኒው ዮርክ ወጥቶ ሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት ላይ ሲደረግና በዓመቱ የአካባቢ ቅርንጫፎች ሲፈቀዱ ነው። የመጀመሪያዋም ሮድ አይላንድ ሆነች። ዛሬ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡ ግን ከእናት ማህበሩ ደንብ ጋር መጋጨት አይችልም። እኛም ልንጽፈው የሚገባን እንዲህ ያለውን ነው፤ የጎንደር ሰዎች በጎንደር ጉዳይ አዲስ አበባን ሳይጠብቁ የሚወስኑበት፣ ግን በብሔራዊው ማህበር ስም የማይነግዱበት ሰነድ።

ቅርንጫፉ ስለሚሸፍነው አካባቢ ወሰን አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ረቂቃችሁ ላይ «ሰሜን ጎንደር ዞን» የሚል አይቻለሁ። የድሮው ሰሜን ጎንደር ለሦስት ተከፍሏል፦ ማዕከላዊ ጎንደር፣ ምዕራብ ጎንደርና ዋና ከተማው ደባርቅ የሆነው የአሁኑ ሰሜን ጎንደር። እንደጻፋችሁት ከሄደ የጎንደር ከተማ ራሷ ከጎንደር ቅርንጫፍ ውጪ ናት። መዋቅር ነገም ሊቀየር ስለሚችል በዞን ስም ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። «በጎንደር ከተማና በአካባቢው የሚኖር ወይም የሚሠራ፣ ወይም ይህን ቅርንጫፍ በጽሑፍ የመረጠ የማህበሩ አባል» ማለት ይሻላል። ደብረ ታቦር ያለ ባለሙያ ባሕር ዳር ይቀርበው ይሆናል። ምርጫውን ለእሱ ተዉለት። አንድ አባል ግን በሁለት ቅርንጫፍ ድምፅ አይስጥ።

አሁን ወደ ምልአተ ጉባኤ ልግባ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ቅርንጫፎች የሚታመሙት እዚህ ጋ ነው።

ረቂቃችሁ «50 በመቶ ሲደመር 1» ይላል፤ ሁሉም ደንብ እንዲህ ይላል። መጀመሪያ ሒሳቡ ራሱ ችግር አለው። አባላቱ 45 ቢሆኑ ግማሹ 22.5 ነው። አንድ ሲጨመር 23.5 ይሆናል። ግማሽ ሰው የለም፤ ስለዚህ አንዱ 23 ይበቃል ይላል፣ ሌላው 24 ካልሆነ ይላል። ምርጫ የተሸነፈ ሰው ይህችን ክፍተት ያገኛታል፣ እመኑኝ። «ከግማሽ በላይ» ብላችሁ ጻፉ፤ 23 ማለት ነው፤ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የምን ግማሽ የሚለው ነው። መዝገብ ላይ 80 ስም ይኖራል እንበል። ከነሱ ውስጥ ወደ ውጭ የሄደ አለ፣ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ አለ፣ በምሥረታው ቀን ሻይ ሊጠጣ ገብቶ የፈረመም አለ። ከ80 ከግማሽ በላይ 41 ነው። ያን ያህል ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። የዓመቱን መዋጮ የከፈሉት 45 ከሆኑና የሚቆጠሩት እነሱ ብቻ ከሆኑ ግን 23 ይበቃል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወሰደው ስብሰባው ከመድረሱ 15 ቀን በፊት መዋጯቸውን ካጠናቀቁ አባላት ዝርዝር ይሁን። ጸሐፊው ያንን ዝርዝር ከጥሪው ጋር ይላክ። በዕለቱ በር ላይ ከፍሎ የሚገባ ይመጣል፤ ይግባ፣ ይስማ፣ ድምፁ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ባይሟላስ? እድር የቀረውን ይቀጣል። ሰውየው ነገ ድንኳኑን ስለሚፈልግ ቅጣቱን ከፍሎ ይመጣል። የሳይንስ ማህበር እንዲህ ያለ ማስገደጃ የለውም። ሁለተኛ ጥሪ ሊኖራችሁ ይገባል። አንቀጹን እንዲህ ብትጽፉት ይሠራል፦

«ምልአተ ጉባኤ የሚሟላው መዋጯቸውን ካጠናቀቁ አባላት ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ካልተሟላ ከ7 ቀን ባላነሰና ከ21 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በተመሳሳይ አጀንዳ ሁለተኛ ጥሪ ይደረጋል። በሁለተኛው ጥሪ ከእነዚሁ አባላት አንድ አምስተኛው ከተገኙ ስብሰባው ይካሄዳል። ሆኖም ይህን ደንብ ለማሻሻል፣ ተመራጭን ከኃላፊነት ለማንሳት ወይም ቅርንጫፉን ለመዝጋት በሁለተኛውም ጥሪ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት።»

«በተመሳሳይ አጀንዳ» የምትለውን ቃል አትዝለሏት። ያለሷ አንድ ብልጥ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ስብሰባ በቀላል አጀንዳ ይጠራል። ሰው ይቀራል። በሁለተኛው ጥሪ ዘጠኝ ሰው ሲገኝ ከባዱን አጀንዳ ያስገባል። ከ45ቱ አንድ አምስተኛ ዘጠኝ ነውና በዘጠኝ ሰው ብዙ ነገር ሊወሰን ነው። ሁለተኛ ጥሪን ብሔራዊው ደንብ ራሱ ይፈቅድ እንደሆነም መጀመሪያ አረጋግጡ። ዝም ካለ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

አራተኛው መንገድና ኔትወርክ ነው። ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መተማ ከዚያም ይርቃል። መንገድ የሚዘጋበት፣ ዳታ ለወራት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ «ስብሰባ በዙም ይካሄዳል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ዙሙ ይኑር፣ ስልክም ይኑር፤ ከዚያ በላይ ግን በሁለት ቦታ መሰብሰብን ፍቀዱ። ደባርቅ ያሉት አባላት በዚያው ሰዓት አንድ ክፍል ተሰብስበው በዚያው አጀንዳ ይነጋገራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፤ ወረቀቱ ይላካል። መገኘት የሚቆጠረው ደግሞ በመክፈቻው ሳይሆን ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ይሁን። መስመሩ የተቆረጠበት ሰው ሐሳቡን በዕለቱ በጽሑፍ መልእክት ካላረጋገጠ አልተገኘም ማለት ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን «ድምፄ ተቆጥሮ ነበር» የሚል ክርክር አይኖርም። ውክልናን በተመለከተ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ውክልና አይያዝ። አምስት ውክልና ኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰው ስብሰባውን ብቻውን ጨርሶት ይሄዳል።

የድምፅ አቆጣጠርም አንድ ወጥመድ አለው። «በተገኙት አባላት አብላጫ ድምፅ» ማለትና «በተሰጠው ድምፅ አብላጫ» ማለት አንድ አይደለም። 30 ሰው ተገኘ። 14 ደገፈ፣ 10 ተቃወመ፣ 6 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። በመጀመሪያው አባባል ከ30 ከግማሽ በላይ 16 ስለሆነ ውሳኔው ወደቀ። በሁለተኛው 14 ከ24 ስለሆነ አለፈ። ያንኑ ስብሰባ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቃለ ጉባኤ ሊጽፍበት ይችላል። ለተራ ጉዳይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደንብ ለማሻሻልና ተመራጭ ለማንሳት የመጀመሪያው፣ ያውም ሁለት ሦስተኛ ይሁን።

ማን ድምፅ ይስጥ? የተማሪ አባላትን ነገር አስቡበት። ተማሪ ተባባሪ አባል ሆኖ ቢናገር፣ ቢሳተፍ፣ ኮሚቴ ውስጥ ቢሠራ ደስ ይላል። ሙሉ ድምፅ ከሰጣችሁት ግን በምርጫው ቀን አንድ መምህር የሦስተኛ ዓመት ክፍሉን ይዞ ከመጣ ነገሩ አለቀ። ብሔራዊው ደንብ የተባባሪ አባል መብት ምን እንደሆነ ይናገራል፤ እሱን ተከተሉ፣ አትጨምሩበት።

ወደ ሥራ አስፈጻሚው ልለፍ። አምስት ሰው ይበቃል፤ ረቂቃችሁ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለራሱ ምልአተ ጉባኤ የሚቸገር ኮሚቴ አትፍጠሩ። ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ከዩኒቨርሲቲው ውጪ ካለ መሥሪያ ቤት እንዲሆን በደንቡ አስገድዱ። ይህን ካላደረጋችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ቅርንጫፉ የአንድ ትምህርት ክፍል ስታፍ ስብሰባ ይሆናል። ሌሎቹ አባላት አይጣሉም፤ ዝም ብለው ይቀራሉ።

የጎንደር ዋናው ችግር ግን የሰው መሄድ ነው። መምህር ለትምህርት ይሄዳል፣ ይዛወራል፣ ሥራ ይቀይራል። የሁለት ዓመት ዘመን የተሰጠው ሊቀመንበር በስምንተኛው ወር ይሰናበታል። ምክትሉ «እኔ እኮ ለስም ነው የገባሁት» ይላል። ለዚህ የአሜሪካኖቹ ቅርንጫፎች አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው። የሚመርጡት ሊቀመንበሩን ሳይሆን ተተኪ ሊቀመንበሩን ነው። ተተኪው አንድ ዘመን አጠገቡ ሆኖ ይማራል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ሊቀመንበር ይሆናል፣ ከዚያም የቀድሞ ሊቀመንበር ሆኖ ይመክራል። ለእናንተ አንድ አንድ ዓመት ብታደርጉት ይመቻል። ሊቀመንበሩ ከሄደ ተተኪው ወዲያው ይገባል፤ አስቸኳይ ጉባኤ አያስፈልግም። ለቀሩት ቦታዎች «ከ60 ቀን በላይ በሥራው ላይ የሌለ ተመራጭ ቦታው እንደተለቀቀ ይቆጠራል፤ ኮሚቴው እስከሚቀጥለው ጉባኤ ተጠባባቂ ይሰይማል» በቂ ነው። ኦዲተሩ ከኮሚቴው ውጪ በጉባኤው ይመረጥ፣ ሪፖርቱንም ለጉባኤው ያቅርብ። ሊቀመንበሩ የመረጠው ኦዲተር ኦዲተር አይባልም።

ገንዘብ። አዎ፣ የባንክ ሒሳብ ሊኖራችሁ ይችላል፤ ግን የእናንተ አይደለም። ሒሳቡ የብሔራዊው ማህበር ነው፤ የቅርንጫፉ ስም ይጨመርበታል። ባንኩ የማህበሩን የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የዋናውን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፈራሚዎቹ የተሰየሙበትን ቃለ ጉባኤ ይጠይቃችኋል። ሦስት ፈራሚ ሰይሙ፤ በሁለቱ ጥምር ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ገንዘብ ያዡ ይሁን። ሦስተኛው ሰው የሚያስፈልገው አንዱ ከከተማ ሲወጣ ሥራ እንዳይቆም ነው። በግል ሒሳብ ወይም በግል ቴሌብር የማህበር ገንዘብ መሰብሰብን በግልጽ ከልክሉ። «ለጊዜው በእኔ ይግባ» የሚለው ሰው ሌባ ላይሆን ይችላል። ግን ነገ ቢታመም ገንዘቡን ለማውጣት ከወራሾቹ ጋር ልትነጋገሩ ነው።

ደረሰኙ በዋናው ጽሕፈት ቤት የታተመና ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን። ከመዋጮው ስንት እጁ እዚህ ይቀራል የሚለውን አሁኑኑ በጽሑፍ ጨርሱት። ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቁርጥ ያለ የብር መጠን ግን ደንቡ ውስጥ አታስገቡ። ረቂቃችሁ «ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ግዥ በጠቅላላ ጉባኤ ይፈቀዳል» ይላል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። የዚያን ጊዜ አንድ የማይክሮስኮፕ አምፖል ለመግዛት ጉባኤ ልትጠሩ ነበር ማለት ነው። «ጉባኤው በየዓመቱ በሚወስነው ጣሪያ» በሉና መጠኑን በቃለ ጉባኤ ያዙት።

አዋጁ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የእናንተ ኪራይና የጽሕፈት መሣሪያ ከብሔራዊው ወጪ ጋር ተደምሮ ስለሚታይ፣ የፕሮግራም ወጪና የአስተዳደር ወጪ ከመጀመሪያው ለይታችሁ መዝግቡ። ዋናው ጽሕፈት ቤት ለባለሥልጣኑ ሪፖርት የሚያቀርብበት ቀን አለው። የእናንተ ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ ይድረስ።

ማህተምን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ይኑራችሁ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ እኛ ሀገር ማንም ቢሮ አይቀበለውም። ግን በፒያሳ ያገኛችሁት ማህተም ቤት ሄዳችሁ ያስቀረጻችሁት አይሁን። ዋናው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ የፈቀደውና ናሙናው እዚያ የተመዘገበ ይሁን። የብሔራዊው ስም ዙሪያውን፣ «የጎንደር ቅርንጫፍ» መሐሉን ይያዝ። ፈራሚው ሊቀመንበሩ፣ ማህተም ያዡ ጸሐፊው ይሁኑ። ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ አይግቡ። ለትምህርት ቤት፣ ለከተማ አስተዳደር፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚጻፍ ደብዳቤ በቅርንጫፉ ማህተም ይሂድ። ለሚኒስቴር፣ ለኤምባሲና ለለጋሽ ድርጅት የሚጻፈው በአዲስ አበባ በኩል ይሁን። ኮሚቴ ሲቀየር ማህተሙ፣ የደረሰኝ ጥራዙ፣ የቼክ ደብተሩ፣ የቴሌግራም ቻናሉና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል በአንድ የርክክብ ሰነድ ይተላለፉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰው ይረሳቸዋል። ቻናሉ በቀድሞው ጸሐፊ ስልክ ቁጥር የተከፈተ ከሆነ አዲሱ ኮሚቴ አባላቱን የሚጠራበት መንገድ አጣ ማለት ነው።

ቢሮው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይሆናል ብላችኋል። መልካም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የአካባቢው ባለሙያ መሰባሰቢያ ነው። ግን ክፍል የሰጠ ሁሉ ባለቤት አይሁን። «የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በያዘው ሥልጣን የቅርንጫፉ ሊቀመንበር ይሆናል» የሚለውን አንቀጽ አውጡት። ኃላፊው የሚሾመው በዩኒቨርሲቲው እንጂ በእናንተ ድምፅ አይደለም። ግንኙነታችሁን በመግባቢያ ሰነድ አስቀምጡ። ንብረታችሁንም በራሳችሁ መዝገብ ይዛችሁ ቁጥር ለጥፉበት። የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ ቆጠራ ውስጥ አንዴ ከገባ ፕሮጀክተሩን ከግቢ ማውጣት በቀላሉ አይሆንላችሁም።

ወደ አዲስ አበባ ጉባኤ ማን ይሂድ የሚለው ጉዳይ ደንባችሁ ላይ የለም። አስገቡት። አበል ያለበት ነገር ሁሉ ያጣላል፤ ሳይንቲስትም ሰው ነው። ተወካዮች በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጡ፣ አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይሂድ፣ የሄደ ሰው በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ሪፖርት ለአባላት ይላክ። ሪፖርት ያላቀረበ ለሚቀጥለው አይታጭም። ለሥልጠና የሚላክ ሰውም በዚሁ ይመራ። ከኮሚቴው አባል አንዱ ዕጩ ከሆነ ውይይቱ ላይ ከክፍሉ ይውጣ።

ለመገናኛ ብዙኃን መናገርም አንድ አንቀጽ ይፈልጋል። እናንተ የባዮሎጂ ሰዎች ናችሁ፤ ጣና ደግሞ ቅርባችሁ ነው። እምቦጭ የደምቢያን ዳርቻ ባለበሰ ቁጥር ጋዜጠኛ ይደውላል። አንዱ አባል በማሽን ይነቀል ይላል፤ ሌላው ጢንዚዛ ይለቀቅበት ይላል። ሁለቱም እንደ ባለሙያ የመሰላቸውን መናገር መብታቸው ነው። «የጎንደር ቅርንጫፍ አቋም» ብሎ መናገር ግን የሚችለው ኮሚቴው በጽሑፍ ያጸደቀውን የያዘ ሰው ብቻ ይሁን። ጉዳዩ ከአካባቢው ካለፈ ወይም ከፖለቲካ ጋር ከተነካካ ብሔራዊው ሳይፈቅድ መግለጫ አይውጣ። ይህን የምለው ዝም በሉ ለማለት አይደለም። በአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ምክንያት የሁሉም ስም እንዳይጠራ ነው።

ዲሲፕሊን፦ አባል ማሰናበት የብሔራዊው ሥልጣን ነው። እናንተ የምትችሉት ቃሉን ሰምታችሁ የውሳኔ ሐሳብ መላክ ብቻ ነው። ማሻሻያ፦ ጉባኤው በሁለት ሦስተኛ ያጸደቀው ብሔራዊው ሲቀበለው ይጸናል። ለመልስ የጊዜ ገደብ እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ዓመት ይተኛል። መፍረስ፦ ዕዳ ይከፈላል፣ ንብረቱ ወደ ብሔራዊው ማህበር ይመለሳል፣ ለአባላት አይከፋፈልም።

አካሄዳችሁ ደግሞ ተገልብጧል። መሥራች ጉባኤ ጠርታችሁ ደንቡን አጽድቃችሁ ልትልኩ ነው። አዲስ አበባ ሦስት አንቀጽ ቢመልስባችሁ ያንን ሁሉ ሰው እንደገና ልትጠሩ ነው። ረቂቁን መጀመሪያ ላኩ፣ አስተያየቱን ተቀበሉ፣ ከዚያ ጉባኤውን ጥሩ። ጥር ላይ አታድርጉት፤ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ከሌላ ከተማ ለሚመጣ አባል አልጋ አይገኝም። የብሔራዊው የበጀት ዓመት ሰኔ 30 የሚያልቅ ከሆነ ጥቅምት ጥሩ ወር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሒሳቡ ተዘግቷል፣ መምህሩም ገና ፈተና ውስጥ አልገባም። በዕለቱ የተሰብሳቢዎች ስም ከፊርማ ጋር፣ የጸደቀው ደንብ በየገጹ ተፈርሞ፣ የምርጫው ቃለ ጉባኤ በሦስት ኦሪጅናል ይዘጋጅ፤ አንዱ ለዋናው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለባንኩ፣ አንዱ ለፋይላችሁ።